ጥፋቱ የማን ነው? የኃይል ምንጫችን ታሪክና የአየር ንብረት ለውጥ ተጠያቂነት ከአቃቂ ሲታይ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ትስስር ብዙ እንደሚነበብ ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ ግን አባሎቻችን በየስብሰባው፣ በየዕድሩና በየገበያው ቀን የሚያነሡትን፣ መልሱ ግን አንድ ሆኖ የማያውቀውን ጥያቄ ይዞ ቀርቧል። ጥያቄው «ዝናቡ የተዛባው፣ ምንጩ የደረቀው፣ ሙቀቱ የጨመረው በማን ጥፋት ነው?» የሚል ነው።

መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። የቢሮ ሰው «ደኑን የጨፈጨፈው አርሶ አደሩ ነው» ይላል። አርሶ አደሩ በበኩሉ «ከሰሉን የሚያነደው ከተሜው፣ ጭሱን የሚለቀው ፋብሪካው ነው» ሲል ይመልሳል። የተማረው ወጣት ደግሞ ሁለቱንም ትቶ አሜሪካን፣ አውሮፓንና ቻይናን ይከሳል። ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ከፊል እውነት ይዞ ውሳኔ መስጠት አደገኛ ነው። «ጥፋተኛው አርሶ አደሩ ነው» ከተባለ ወጪውንም እርሱ ይሸከማል፤ መሬትህ ይከለል፣ ከብትህን ቀንስ፣ ባሕር ዛፍህን ንቀል ይባላል። «ጥፋተኛው ፈረንጅ ብቻ ነው» ከተባለ ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ አፈራችን በጎርፍ ይሄዳል።

ይህን ክርክር ከታሪክ ጋር ለማገናኘት ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። የአገራችን የውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ የተጀመረው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ድርቅ በመጣ ጊዜ የናፍጣ ማመንጫ የተተከለውም በዚሁ በቃሊቲ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ከሰል ወደ አዲስ አበባ ሲገባ የኖረው በዚሁ በር ሲሆን፣ የከተማው ፍሳሽ የሚወርደውም ወደዚሁ ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ኤሌክትሪክ የተወለደበት ወንዝ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ኃይሉም የተገኘው ከሞተር ጀነሬተር ነበር። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ በአዲስ አበባ ለነበሩት ጥቂት ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል መስጠት ጀመረ። መብራቱም ቀስ በቀስ ወደ ዋና ዋና ጎዳናዎችና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ተዘረጋ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ አቃቂ የባቡር ጣቢያ ሆነች። ውኃ፣ ሜዳማ መሬትና ሐዲድ በአንድ ቦታ በመገናኘታቸው በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎች በዚህ አካባቢ ሊመሠረቱ ቻሉ።

በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ገደማ፣ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት አካባቢ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። የማመንጨት አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ዛሬ በሺህ ሜጋ ዋት ለምንቆጥረው ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ለዚያ ዘመን አዲስ አበባ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ቀጥሎም በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ ተመረቀ። አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ የተሠራውም ጣልያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኢትዮጵያ የውኃን ኃይል የመረጠችው ስለ አየር ንብረት ተጨንቃ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ይህን ጉዳይ የሚያነሣ ባለሥልጣንም ሆነ ባለሙያ አልነበረም። ነዳጅ ከውጭ በውድ ይገዛል፤ ወንዙ ግን በደጃችን ይፈሳል። ምርጫው የድህነትና የመልክዓ ምድር ምርጫ ነበር። ዛሬ «ንጹሕ ኃይል» ተብሎ የሚመሰገነው ይኸው ምርጫ ነው። ሆኖም ንጹሕ ማለት ያለ ኪሣራ ማለት አይደለም። በቆቃ ሐይቅ ሥር የእርሻና የግጦሽ መሬት ተውጧል፤ ነዋሪዎችም ተነሥተዋል። መብራቱ ግን በአብዛኛው የሄደው ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ነበር። በምሰሶው ሥር የሚያርሰው ገበሬ ለረጅም ዘመን ኩራዝ ሲለኩስ አምሽቷል።

ግድቡን ማን ደለለው?

የአባ ሳሙኤል ማመንጫ በ1962 ዓ.ም. ሥራ አቆመ። ማሽኖቹ አርጅተው ነበር፤ ሐይቁም በደለል እየተሞላ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል።

ግድቡን ማን ደለለው ቢባል የዓለሙ ክርክር በትንሹ እዚህ ይገኛል። ከላይ ተዳፋቱን ያለ እርከን ያረሰው ገበሬ አፈር ልኳል። እንጦጦ ላይ ዛፉን የቆረጠው፣ ካባ የቆፈረው፣ ቤትና መንገድ የሠራው ሁሉ አፈር ልኳል። ከተማው ደግሞ ከአፈሩ ጋር የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ልኳል። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የሐይቁን ገጽ ለሚሸፍነው ለእምቦጭ ምግብ ሆኗል። ከሁሉም በታች ያለው የአቃቂ አትክልተኛ ይኸንኑ ውኃ ጠልፎ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲያለማ ኖሯል። ጥያቄ ሲነሣ ግን በቅድሚያ የሚጠቆመው ጣት ወደ አትክልተኛው ነው፤ «በቆሻሻ ውኃ ያለማውን ይሸጥልናል» ይባላል። ውኃውን ማን አቆሸሸው የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ይሆናል። ይህን ነው አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥፋቱ የብዙዎች ቢሆንም የሁሉም ድርሻ እኩል አይደለም። ከዚህም በላይ ጉዳቱ የሚያርፈው ብዙ ባጠፋው ላይ ሳይሆን ከታች ባለው ላይ ነው።

«40 በመቶ» የተባለው ደን

በትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ የምናውቀው አንድ አባባል አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል» ይባላል። አባባሉ በመንግሥት ሰነዶች፣ በእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርትና በመማሪያ መጻሕፍት ሲደጋገም ኖሯል። ትርጉሙም በአንድ ትውልድ ወይም በሁለት ትውልድ ውስጥ አርሶ አደሩ የአገሪቱን ደን በላው የሚል ነው።

የኢትዮጵያን የግብርና ታሪክ ያጠና ጄምስ መካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ይህን አባባል መርምሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ መንገደኞች የጻፉትንና የቆዩ ፎቶግራፎችን ሲያመሳክር፣ የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ አብዛኛው ክፍል ያኔም የታረሰና ገላጣ ሆኖ አገኘው። ለ40 በመቶው ቁጥር አስተማማኝ መነሻ አለመኖሩንም አሳይቷል። እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ በባሕር ዛፍ ምክንያት የዛፉ ብዛት ከቀድሞው ይበልጣል። የአቃቂን ዋልካ ሜዳ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ዋልካ በክረምት ጨቅይቶ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ ከጥንትም ሣርና ተራርቆ የቆመ ግራር የሚበቅልበት መሬት ነው።

የደን ቁጥር በትርጓሜም ይለወጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት ባቀረበችው ሰነድ የደን ሽፋኗ 15.5 በመቶ መሆኑን ገልጻለች። ቁጥሩ ከ3 በመቶ ወደ 15.5 በመቶ ያደገው በአብዛኛው ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ዛፍና የቀርከሃ ደን በትርጓሜው ውስጥ ስለተካተተ እንጂ ያን ያህል ዛፍ በአጭር ጊዜ ስለበቀለ አይደለም።

ይህ ሲባል ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የነበረው ደን በእርግጥ ተመናምኗል። ለሰፋፊ እርሻ ተመንጥሯል፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ለተካሄደው ሰፈራ ተቆርጧል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም ጠባቂ ያጣው የመንግሥትና የማኅበር ደን በየቦታው ተጨፍጭፏል። በዚህ የመጨረሻው ጥፋት አርሶ አደሩ እጁ አለበት። ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው ደኑ «የመንግሥት» እንጂ የእርሱ ተብሎ አያውቅም ነበር። የእኔ ነው የማይለውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለሆነም የባለቤትነትን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ጥፋት ብቻ መናገር ጎደሎ ነው።

ባሕር ዛፍ፣ ኩበትና ከሰል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ የማገዶ ችግር ገጠማት። በአካባቢዋ የነበረው ዛፍ በማለቁ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ማገዶም፣ የቤት ማገርም፣ የጥሬ ገንዘብ ምንጭም ሆነ። ምንጭ ያደርቃል የሚለው ቅሬታም ያኔውኑ ተነሥቶ፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከፊሉ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደነበርና ሳይፈጸም እንደቀረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ዛሬም በየስብሰባው የምንሰማው ይኸው ክርክር ነው። እውነቱ ከመካከል ይገኛል። ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስና በእርሻ ዳር ሲተከል ይጎዳል፤ ለእርሻ በማይሆን ተዳፋት ላይ ሲሆን ደግሞ የአገር በቀሉን ደን ከመጥረቢያ ያድናል።

እንጨት በጠፋበት ሜዳ ያለ አርሶ አደር የሚያነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ማዳበሪያው ይነዳል። በዚህም ምክንያት መሬቱ ይደክምና በፋብሪካ ማዳበሪያ መደጎም ግድ ይሆናል። ዩሪያ የሚመረተው በዓለም ላይ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ከማሳ ላይ ሲበተንም ከፊሉ ሙቀት አማቂ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲያሻቅብ የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ የናረው ለዚህ ነው። እንግዲህ በእናቶች ምድጃ የሚነደው ኩበትና ዩኒየኖች የሚያሰራጩት ማዳበሪያ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ መሆናቸውን እናስተውላለን።

ከሰሉ ደግሞ የከተማ ነገር ነው። የሚያከስለው በአብዛኛው ሌላ ገቢ ያጣ የገጠር ሰው ቢሆንም፣ ገበያው ያለው በአዲስ አበባ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ላምባ ተወደደ፤ በላምባ ምድጃ ይሠራ የነበረ ቤተሰብም ወደ ከሰል ዞረ። ውሳኔው በወጣበት ጊዜ ድጎማው የመንግሥትን ካዝና እየጎዳ ነበርና ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጽሕፈት ቤት የሚወሰን የዋጋ ጉዳይ በስምጥ ሸለቆ የሚቆመውን ግራር ዕድሜ እንደሚወስን ያሳየናል። ከሳዩን ብቻ ማሳደድ ጉዳዩን አይፈታውም የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሪዮ እስከ አዲስ አበባ

የዓለሙን ክርክር ደግሞ እንመልከት። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቶዎች ዓመታት በአየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ተጠያቂነትን ለማወቅ የዛሬውን ጭስ ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመውን ማየት ያስፈልጋል። በተጠራቀመው ሒሳብ አሜሪካ ብቻዋን ሩብ ያህሉን ስትይዝ፣ አውሮፓ በቅርብ ይከተላል። መላው አፍሪካ 3 በመቶ ገደማ ነው። በዓመታዊ ሒሳብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቀዳሚዋ ቻይና ናት። የኢትዮጵያ ድርሻ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በሚወጣው ጋዝ ሲለካ ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው።

ይህን ልዩነት በመገንዘብ በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኃላፊነቱ የጋራ፣ ድርሻው ግን የተለያየ እንዲሆን ደነገገ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የኪዮቶ ስምምነት የበለጸጉትን አገሮች ጭስ የመቀነስ ግዴታ ሲጥልባቸው፣ አሜሪካ ሳታጸድቀው ቀረች። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገን በተደረገው ጉባኤ የአፍሪካን ድምፅ ያሰሙት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። የበለጸጉ አገሮች ለድሆቹ የሚሰጡት ገንዘብ እስከ እ.ኤ.አ. 2020 በዓመት ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ ሐሳብ አቀረቡ። በአፍሪካ የሚገኙ ተሟጋቾች «አነሰ፤ ጭሱን በመቀነሱ ጉዳይም ተለሳለሱ» ብለው ነቅፈዋቸዋል። ሌሎች ደግሞ ባዶ እጅ ከመመለስ ይህ ይሻላል ብለዋል። የ100 ቢሊዮኑ ቃል በበለጸጉት አገሮች በራሳቸው ሒሳብ እንኳ የተሞላው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ከዚያውም ብዙው ብድር ነበር።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው ጉባኤ ለደረሰ ጉዳትና ኪሣራ የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት፣ መንግሥታት የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና ይህን መጣስ ለካሣ ሊያበቃ እንደሚችል ገልጿል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2027ቱ ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። ክርክሩ እስከ ደጃችን መጥቷል ማለት ነው።

በሬው ሲከሰስ

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን እ.ኤ.አ. ለ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገምቶታል። ከዚህም ከ85 በመቶ በላዩ የመጣው ከግብርናና ከደን ነው ይላል። ትልቁን ድርሻ የያዙት የቀንድ ከብቶች ናቸው። ኤሌክትሪክ፣ ትራንስፖርትና ኢንዱስትሪ እያንዳንዳቸው ጥቂት በመቶ ብቻ ነበራቸው።

ይህን የሰማ አንድ አባል «እንግዲያው ጥፋተኛው የእኔ በሬ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ቁጥሩ ስሕተት አይደለም፤ አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከብት ሲያመሰኳ የሚወጣው ሚቴን ኃይለኛ ጋዝ ነው፤ ነገር ግን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። በሬው የሚበላው ሣርም ካርቦኑን የወሰደው ከዚያው ከአየሩ ነው። የድንጋይ ከሰል ግን በሚሊዮኖች ዓመታት የተቀበረውን ካርቦን አውጥቶ አዲስ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ 150 ሚሊዮን ቶኑ በወቅቱ ለነበረው ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው 2 ቶን አይሞላም። ግብርናችን ትልቅ ድርሻ የያዘው ከብቱ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውና መኪናው ጥቂት ስለሆነ ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ነገሩን አቃለን ማለፍም አይገባም። ብዙ ከሲታ ከብት ከማርባት ጥቂት የተሻሻሉትን መግቦ መያዝ ለወተቱም፣ ለግጦሹም፣ ለአየሩም ይበጃል። ይህን የምናደርገው ተከሰን ሳይሆን ስለሚጠቅመን ነው። የተሻለ ዝርያ፣ መኖና የእንስሳት ሐኪም ሳይቀርብለት «ከብትህን ቀንስ» የሚባል አርሶ አደር ግን ያለ ምትክ ሀብቱን አጣ ማለት ነው። በሬ ለእኛ ማረሻም፣ ቁጠባም፣ የክፉ ቀን መድኅንም ነውና።

ድርቅ ሲመጣ ናፍጣ

ከጊልገል ጊቤ ቁጥር 1 (184 ሜጋ ዋት፣ 1996 ዓ.ም.) ጀምሮ አገሪቱ ተከታታይ ትልልቅ ግድቦችን ሠርታለች። ተከዜ 300፣ ጊቤ ቁጥር 2 420፣ በለስ 460 ሜጋ ዋት አስገኝተዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ቁጥር 3 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ከወር ደመወዝተኛው ጎን አርሶ አደሩም ቦንድ የገዛበት ሥራ ነው።

የውኃ ኃይል ግን በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድርቅ በገባ ጊዜ ኃይል በፈረቃ ሆነ። ከዚያም የተነሣ በ1996 ዓ.ም. በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ የናፍጣ ማመንጫዎች ተተከሉ። የቃሊቲው 14 ሜጋ ዋት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ዳግም እጥረት ሲመጣ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ የወፍጮ ቤቶች ወረፋም ረዝሟል። ከፍተኛ ዋጋ ያለው ናፍጣ ማቃጠል የተመረጠው ሌላ ስላልነበረ ነው። ከዚህ በኋላ በአዳማና በአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫዎች የተሠሩት ከዚሁ ትምህርት የተነሣ ነው፤ ነፋስ በብዛት የሚነፍሰው ውኃው በሚቀንስበት በበጋ ነውና ሁለቱ ይረዳዳሉ።

ድርቁ ራሱስ የማን ሥራ ነው? ሁሉንም ድርቅ በአየር ንብረት ለውጥ ማመካኘት ትክክል አይደለም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ ያበቃውን ድርቅ በዋናነት ያመጣው ኤልኒኞ ሲሆን፣ ያጠኑት ሳይንቲስቶች በሰው ሠራሽ ለውጥ የተባባሰ ለመሆኑ ግልጽ አዝማሚያ አላገኙም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ቦረናንና ሶማሌን የመታው ድርቅ ግን የተለየ ነው። ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ 100 እጥፍ ጨምሯል። ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ አያውቅም።

ከታሪኩ ምን እንውሰድ?

እስካሁን የተባለውን ጠቅለል ስናደርገው፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚለው አንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተጣምረው እናገኛለን። ጉዳቱን ማን አደረሰ? ወጪውን ማን ይክፈል? ሥራውን ማን ይሥራ? የመጀመሪያው መልስ በዋናነት በነዳጅና በድንጋይ ከሰል የበለጸጉት አገሮች ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይከተላል፤ ያደረሰ ይክፈል። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። አፈሩ የእኛ፣ ምንጩ የእኛ፣ ምድጃውም የእኛ ነውና ሥራውን ሌላ ሰው መጥቶ አይሠራልንም። ሦስቱን ስናደባልቅ ወይ ያለ ጥፋታችን እንከፍላለን፣ ወይ በሰው ጥፋት አሳበን እንሰንፋለን።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ረገድ ያላቸው ቦታ ቀላል አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ለዩኒየኖች መስፋፋት መሠረት ሲጥል የታሰበው በዋናነት ግብዓትና ገበያ ነበር። ይሁን እንጂ በወላይታ ሁምቦ የታየው ሥራ ከዚያ ያለፈ ነገር እንደሚቻል መስክሯል። እዚያ ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተራቆተውን 2,728 ሄክታር ተራራ ከልለው፣ ከነባሩ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየተንከባከቡ ደኑን መለሱ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ደኑ የተመለሰው አባላቱ የመጠቀም መብት በስማቸው ስለተሰጣቸው ነው። ቀደም ሲል በ1983 ዓ.ም. ከሆነው ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይህ ነው።

በቤት ውስጥም የሚሠራ አለ። ለእንጀራ መጋገሪያ የወጣው «ምርት» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ለመሥራት አቅዶ 8,000 ያህል ሠርቷል። ዕቅዱ ያልሞላው በሲሚንቶ እጥረት፣ በዋጋና በጥገና ችግር ጭምር ነው። የባዮጋዝ ጥቅሙ ለጭሱ ብቻ አይደለም፤ እበቱ ጋዝ ከሰጠ በኋላ ዝቃጩ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ ይመለሳል። ኩበቱ ሲነድ ያጣነውን ይመልስልናል ማለት ነው። ብቻውን ለመሥራት የሚከብደውን ቤተሰብ በብድርና በቁጠባ፣ በግንበኛ ሥልጠናና በመለዋወጫ አቅርቦት መደገፍ ደግሞ የማኅበር ሥራ ነው።

ለአካባቢያችን አመራሮችም አንድ አደራ ይኖረናል። ስለ ደን፣ ስለ ከብት፣ ስለ ከሰልና ስለ አቃቂ ወንዝ ውሳኔ ሲሰጥ ከክልከላው በፊት ምትኩ ይታሰብ። ፍሳሹ ከምንጩ ይጣራ፤ ከዚያ በኋላ አትክልተኛው ይጠየቅ። በ2020 ዓ.ም. የዓለም መሪዎች ለጉባኤው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከአዳራሹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚኖረው የአቃቂ አርሶ አደር የሚናገረው ይኖረዋልና ተወካይ ይሰጠው። እኛም በበኩላችን የምንናገረውን በማስረጃ እንያዝ። ክረምቱ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ፣ ጎርፍና ውርጭ ምን ያህል ማሳ እንደወሰደ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። ካሣ የሚጠይቅ ሰው ያለ መዝገብ አይሰማም።

የአቃቂ ወንዝ ከእንጦጦ ተነሥቶ በከተማው አልፎ በእኛ ማሳ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ድርሻውን ሲጥልበት ኖሯል። የየድርሻውን ለይቶ መናገር እውነት ነው፤ የየድርሻውን ማንሣት ደግሞ ሥራ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ማኅበር ይችለዋል። ለመላው የዩኒየናችን አባላትና የሥራ ባልደረቦች መልካም የምሥረታ በዓል እንመኛለን።